ከሚዛን በኋላ የገባ ዳቦ

አራቱም የጀርባ ቦርሳዎች እኩል ሃያ አምስት ፓውንድ ይመዝኑ ነበር። መኳንንት መንጠቆ ያለውን የዓሣ አጥማጅ ሚዛን ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ በአንድ እየሰቀለ፣ መርፌው እስኪረጋ እየጠበቀ መዘናቸው። የሆስፒታል ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ያየውን ቁጥር ደግሞ ሳያይ አያምንም። በየቦርሳው ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ልብስ፣ ውሃና ለአንድ ሰው የሚሆን ምሳ አለ።

“ለአንድ ሰው!” አለ ጣቱን ቀስሮ። “ግብዣ አይደለም የምንሄደው። ስኮትላንድ ተራራ ላይ ትርፍ ዕቃ የተሸከመ ሰው መንገድ ይቀራል። ኦኬ?”

“ኦኬ ጌታዬ!” አለ አለማየሁ፣ እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ።

መኳንንት መኪናውን ሊቆልፍ ዞር ሲል የሺሃረግ የራሷን መኪና ትራንክ ከፈተች። ሌሊት ጋግራ በነጭ ጨርቅ የጠቀለለችው ድፎ ዳቦ አሁንም ለብ ይላል። ከቦርሳዋ ውስጥ ከመኝታ ከረጢቱ ሥር ወሸቀችውና ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገች። አሥር ፓውንድ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን። ሦስት ሰው አስከትላ መንገድ ወጥታ፣ ዞር ብላ ለብቻዋ ሳንዱች ልትገምጥ ኖሯል?

ከዳላስ ወጣ ብሎ ያለው ግሬፕቫይን ሐይቅ ጸጥ ብሏል። የዛሬው ጉዞ በሰሜኑ ዳርቻ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄዶ መመለስ ነው። ደንቡን ያወጣው መኳንንት ነው፤ ሙሉ ሸክሙን ይዞ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተመለሰ በሰኔ ስኮትላንድ ይሄዳል፣ ያልተመለሰ ዳላስ ይቀራል። ደንቡ ለሁሉም ነው ቢልም ለማን እንደወጣ ሁሉም ያውቃሉ። የሺሃረግ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ የደከመ ቀኝ ጉልበቷ አምና በቀዶ ጥገና ተጠግኗል።

ግን የቅዳሜውን የእግር ጉዞ የጀመረችው እሷ ናት። ሌክ ሃይላንድስ ካለው አፓርታማዋ እየወጣች ዋይት ሮክ ሐይቅን ብቻዋን ስትዞር ቆይታ፣ ሦስቱን ከየሶፋቸው ጎትታ ያስነሳቻቸው እሷ ናት። አሁን እነሱ ድንኳን ተሸክመው በስኮትላንድ ሐይቆች ዳር ሊሄዱ፣ እሷ እዚህ ተቀምጣ ፎቶግራፋቸውን ልታይ? አይሆንም።

መንገዱ መጨረሻ ሲደርሱ ከኦክ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው፣ ፕሌኖ ከተማ ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ዕፀ ሕይወት፣ አንገቷን ደፍታ አንድ ትልቅ ሳህን ሙሉ ፍርፍር አወጣች። ቀጥላ አራት የሸክላ ሳህኖች ደረደረች።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ መኳንንት።

“በወረቀት ሳህን ሰው አይጋበዝማ!”

አለማየሁ ሳቁ አመለጠው። ኤርፖርት የመንገደኛ ሻንጣ ሲጭን የሚውል ሰው ነው፤ ሸክም አይፈራም። ከቦርሳው ሀብሐብ ሲያወጣ መኳንንት ብድግ አለ።

“ከሚዛን በኋላ ነው ያስገባችሁት! እኔን ማታለላችሁ ነው?”

“ቆይ ቆይ፣ ያንተንም ቼክ እናድርገው” ብሎ አለማየሁ የመኳንንትን ቦርሳ ከፈተ። ከሥር በቆርቆሮ የታሸገ ጭኮ ወጣ፤ ሠርግ ቤት የሚያጠግብ።

“አስካለማርያም ናት” አለ መኳንንት። “ባለቤቴ ደብቃ ከታው ይሆናል።”

“ሁለቴ ስትመዝን አላየኸውም?”

“ማለቴ… የእኔን መዝኜ ከጨረስኩ በኋላ ነው የገባው።”

ሳቁ ሲበርድ፣ አንድ ሳንዱች ብቻ አውጥታ የነበረችው የሺሃረግ እጅ የቦርሳዋ ዚፕ ላይ ነበር። እኔም አለኝ ልትል አፏን ስትከፍት መኳንንት፣ ካፈረበት መውጫ ያገኘ መስሎት፣ ወደ እሷ አመለከተ።

“እንግዲህ ከአራታችን ቃሏን የጠበቀች የሺሃረግ ብቻ ናት። እዩዋት! አንድ ሳንዱች!”

ሁለቱ አጨበጨቡላት። ዚፑን መልሳ ዘጋችው።

“ምን ይደረግ” አለች። “ቃል ነዋ።”

ሲመለሱ የሦስቱ ቦርሳ ሆድ ጎድሏል፤ የእሷ እንደተነፋ ነው። ማንገቻው ትከሻዋን እየቆረጠ፣ ጉልበቷ በየዳገቱ እየሞቀ ሄደ። በላይዋ አውሮፕላኖች ጎማቸውን አውርደው ወደ ዲ ኤፍ ደብሊው ኤርፖርት ይወርዳሉ። መኳንንት ደጋግሞ ይቆምና ይጠብቃታል፤ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ እሷን ያያል።

“ጉልበትሽ ነው?”

“ጉልበቴን ተወውና መንገድህን እይ።”

“እትዬ የሺ፣ ትንሽ ይረፉ” አለች ዕፀ ሕይወት። “ቦርሳውን እኔ ልያዝልዎ።”

“የራስሽን ያዢ፣ ልጄ።”

ዳቦ አለብኝ ብትል ይበቃት ነበር። ግን ያን ሁሉ ጭብጨባ ተቀብላ እንዴት ትበል? ጥርሷን ነክሳ ስትከተል ከፊት መኳንንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለዕፀ ሕይወት ሲነግራት ሰማች።

“ሃያ አምስቱ ከከበዳት እዚያ እንዴት ትሆናለች? ሶ፣ ለእሷ ሌላ ጊዜ ቀለል ያለ ጉዞ እናዘጋጅላት።”

ቀለል ያለ! የሺሃረግ ማንገቻዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ጎን ለጎን አለፈቻቸው። አለማየሁንም አለፈችው።

“ኧረ የሺ!” አለ አለማየሁ ከኋላዋ። “በረራ አመለጠሽ እንዴ?”

“የሚቀድመኝ ካለ ይምጣ!” አለች ሳትዞር።

የቀደማት አልነበረም። መኪና ማቆሚያው ስትደርስ ፀሐይ ገና ከሐይቁ በላይ ነበረች። መኳንንት ደርሶ፣ ላቡን ሳይጠርግ፣ ሚዛኑን ሰቀለ። በቀን ምን ያህል ውሃና ምግብ እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት። የእሱ ሃያ አንድ፣ የአለማየሁ ሃያ አንድ፣ የዕፀ ሕይወት ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

የሺሃረግ መኪናዋ ጋ ቆማ ትራንኩን ከፍታለች። ሦስቱ መርፌው ላይ አፍጥጠዋል። እጇን ከመኝታ ከረጢቱ ሥር ብትሰድ፣ ዳቦውን ስባ ትራንኩ ውስጥ ብትጥለው ማንም አያይም። ቃሏን የጠበቀች፣ ጉልበቷም የያዘላት ሴት ሆና ወደ ቤቷ ትገባለች። ጨርቁን ነካችው። አሁን ቀዝቅዟል።

ትራንኩን ባዶውን ዘጋችውና ቦርሳዋን ተሸክማ መጣች።

“መዝነው” አለችው።

መኳንንት ሰቅሎ መርፌው እስኪረጋ ጠበቀ። ፊቱ ተለዋወጠ። ቦርሳውን አወረደና ባዶውን ሚዛን አየ፤ መርፌው ዜሮ ላይ ነው። እንደገና ሰቀለው። ሠላሳ አንድ ፓውንድ፤ ጠዋት ከመዘነው በስድስት ይበልጣል።