ለአማት የተመረጡ ምዕራፎች

ልብስ ሰፊዋ ከእንቅልፏ ስትነሣ መጀመሪያ የምታስበው እግዚአብሔርን ነው ብል ውሸታም እባላለሁ። መጀመሪያ የምታስበው አማቷን ነው። ዛሬ ደግሞ በየትኛው ምዕራፍ ልለብልባት?

አሮጊቷ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብላት ምራቷ ናት። ባል ሾፌር ስለሆነ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ቂም ይኖራሉ።

ቂሙ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የተቋጠረ ነው። የባሏ እህት ልታገባ ስትል ቬሎዋን የምትሰፋው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። በዚያው ሰሞን ከልብስ ሰፊዋ እናት ቤት ሰው ተላከ። በር ላይ ያገኘችው አማት ናት፤ ሠርጉ እንዳይበላሽ ብላ መልእክቱን ዋጥ አደረገችው። ምራት ዳንቴል ላይ ዶቃ ስትሰካ ሰነበተችና እናቷ ከተቀበረች በኋላ ሰማች። ያኔ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። አማትም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ «በድዬሻለሁ» አላለቻትም። ልብስ ሰፊዋ የምትፈልገው ይህችኑ አንዲት ቃል ነው። አሮጊቷ ደግሞ በየቀኑ እየደከመች ነው፤ ሳትላት ከሞተች ማንን ትጠይቅ?

አሮጊቷ የንባብ ሕግ አላት፤ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ በተራ፣ ሳይዘለል። ምራት ይህን ሕግ ካፈረሰች አርባ ቀን ሆኗታል። እሳት ከሰማይ የሚዘንብበትን፣ ውሾች ንግሥት የሚበሉበትን፣ የወንድም ደም ከመሬት የሚጮኽበትን እየመረጠች ታነባለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ግን ይህን ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ታስመስለዋለች። አሮጊቷም ምዕራፉ ባለቀ ቁጥር ረጋ ብላ «አሜን» ትላለች። ያን ጊዜ የምራት አንጀት ቅጥል ይላል።

ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀ። ስለ ክፉዎች ፍርድ የሚናገር ምዕራፍ እያነበበች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ ከራሷ ጨመረችበት።

«የእናትን ሞት ከልጅ የደበቀች ምላሷ ከትናጋዋ ይጣበቅ፤ ስትጣራም የሚሰማት አይኑር።»

አሮጊቷ አሜን አላለችም። የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቶቿ ስታፍተለትል ቆየች።

«ይሄ እዚያ ውስጥ የለም፣ ልጄ።»

«አለ፣ እማማ።»

«ስልሳ ዓመት ያነበብኩትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? የለም። ያንቺ ነው። አርባ ቀን ሙሉ ስትመርጪልኝ ዝም ያልኩት ስለሚገባኝ ነው። አሁን ግን እግዚአብሔር ያላለውን ካስባልሽው አይቀር፣ አስተካክለሽ በይው። እኔ ሞቷን አልደበቅኩም።»

«ታዲያ ምኗን ነው የደበቁኝ?»

«ሰውየው የመጣው በሕይወት እያለች ነው። ‹ልጄን ጥሩልኝ› ብላ ነው የላከችው። ሁለት ቀን ሙሉ በር በሩን እያየች ጠበቀችሽ። እኔ ቬሎው አላለቀም ብዬ...» አሮጊቷ ፊቷን ወደ ምራቷ ድምፅ አዞረች። «በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ቃሏን አገኘች። ዘጠኝ ዓመት እሳቴን ያጠፋልኛል ስትለው የኖረችው ቃል ቤንዚን ሆኖ አረፈው። መጽሐፉን ከደነችው።

«እናቴን በር በሩን እያየች አስጠበቋት አይደል? እርስዎም ይጠብቁ።»

«እስከ መቼ? እኔ እኮ ዛሬ ነገ የምባል ሰው ነኝ።»

«እሷም እንደዚያው ነበረች።»

ሄዳ የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠች። በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ የሚለውን ቃል ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ይህንንስ አልተላለፍም ብላ በልቧ ማለች። ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ገና ማለዳ ነበር።