የምንተስኖት አኩፋዳ

ከሰማይ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሊወረን ነው የሚመጣው የሚለውን ወሬ ማን እንደ ጀመረው አውቃለሁ። በመርከብ ሄደው የሰው አገር የወረሩ ናቸው። የራሳቸውን ጠባይ ለኮከብ አለበሱት። እኛ ምን ቤት ሆነን ይህን እንደምንደግም ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም!

ወደ ድጓ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የመጣው እንግዳ ወረረ ከተባለ የወረረው አንድ የተማሪ ጎጆ ነው። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ቆሞ ዜማ ሲሰማ ተገኘ። ቁመቱ እንደ ምሰሶ፣ ቆዳው እንደ እርጥብ ጥቁር ድንጋይ፣ ጉሮሮው ሁለት። ከየት መጣህ ቢሉት ወደ ላይ አሳየ። ተማሪዎቹ ምንተስኖት አሉት።

እኔ አላምረው ነኝ፤ ንፋስ መውጫ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ አማርኛ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ምን ትፈልጋለህ ስለው «ድጓ ተምሬ በመምህሩ ማስመስከር» አለኝ። አንዱ ጉሮሮው ሲያዜም ሌላው ከሥር የአገሩን እንጉርጉሮ ያሰማል፤ ዝም በል ቢሉት አይችልም። ሰዎች አጉረመረሙ። የድጓው መምህር መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ግን «የአጫብር ቤትም የራሱ ዜማ አለው፤ የቆማ ቤትም የራሱ አለው። ከእኛ ተለየ ብለን ማንን አባረርን?» ብለው አስተማሩት።

የድጓ ተማሪ ለምኖ ነው የሚማር። ሥርዓቱ ነውና አንተም ሂድና ለምን አልሁት። አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ እንኳ ግራ ገብቶት ይሸሸው ነበር።

ድጓውን በዘጠኝ ወር ጨረሰ። ሊያስመሰክር ሦስት ቀን ሲቀረው ነፋስ የጎጆውን ክዳን ገለበጠው። ሊያግዙት የገቡ ተማሪዎች ያዩት ጉድ ነው፦ የለመነው ቁራሽ ሁሉ ደርቆ፣ በሣር ተጠቅልሎ፣ ተደርድሮ ተቀምጧል። አንዱም አልተበላም።

የምንተስኖት ምግብ ፀሐይ ነው። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ወሩ ሰኔ ነው፤ ጎተራ የሚጠረግበት። መንደሩ በቁጣ ነደደ። «እህላችንን ንቋል፤ ይውጣልን» ብለው ከጥዱ ሥር ተሰበሰቡ። ሦስት ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉት ወይዘሮ ፋንቱ ቀድመው ተነሡ።

«አንተ ምሰሶ! የልጆቼን ራት ከአፋቸው ነጥቄ ስሰጥህ ለአይጥ ነበር?»

«አይጥ አልነካውም፣ እማማ።»

«ሰማችሁ? መልስ አለው ደግሞ! ለምን አልበላኸውም?»

«አይርበኝም። በእኛ አገር የተሰጠውን በልቶ የሚያጠፋ ሌባ ነው።» ከአኩፋዳው አንድ ቁራሽ አወጣ። «ይኸ የእርስዎ ነው። የአስተርእዮ ማግሥት። ዳሩ አሮ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቁኝ።»

ፋንቱ ቁራሹን ተቀብለው አገላበጡት። 

እኔ ብድግ አልሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው! ሂድና ለምን አልሁት እንጂ ብላ አላልሁትም። እናንተ ግን እንግዳ ለማባረር እንዲህ መቸኮላችሁ...»

«ተቀመጥ፣ አስተማሪው» አሉ ፋንቱ። «አንተ ስትቆጣ ጉዳይ አያልቅም።» ሕዝቡ ሳቀ። ተቀመጥሁ፤ ጥርሴን ነክሼ።

መሪጌታ በከበደ ድምፅ ተናገሩ፦ «ተማሪ የሚለምነው ሊበላ ነው። የማይበላ ከሆነ ተማሪ አልነበረም። ተማሪ ላልነበረ አልመሰክርም።»

የምንተስኖት ሁለተኛ ጉሮሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። 

«የኔታ» አሉ ፋንቱ፣ «መነኩሴ ለምኖ ለነዳያን ሲያበላስ?»

«እሱማ ጽድቅ ነው።»

«ታዲያ!» ወደ ቤታቸው ሄደው በገበታ ሽሮ ይዘው ተመለሱ። ደረቁን እንጀራ ሰባብረው ፈተፈቱት። «ና፣ ታጠብ። የሰጠሁህን ለልጆቼ አጉርስ። ሰው ሲበላው አይጠፋም፤ ሥጋና ደም ይሆናል እንጂ።»

ምንተስኖት ልጆቹን አየ፤ ገበታውን አየ። ረጅም ጣቱን ሰደደና የምስር ፍሬ የምታህል ቆንጥሮ ለትንሿ ለማሬ ዘረጋ። ማሬ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

«ኧረ አተልቀው!» ጮኹ ፋንቱ፤ ወደ እኔም ዞሩ። «ስስትም አስተምረኸዋል እንዴ?»

አተለቀው። ማሬ ጉንጯ ተወጥሮ ስታኝክ ያ ከሥር የሚሰማው እንጉርጉሮ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

መሪጌታ ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉ። «ሐሙስ በጧት ልታስመሰክር ና» አሉት። «እስከዚያ ግን ይኸን ሁሉ አጉርሰህ ጨርስ።»