በበሩ ጀርባ የተሰቀለው ጋዋን

እኔ በሙት መንፈስ አላምንም። ጸጉር ቤት ለምትውል ሴት በሕይወት ያሉት ይበቋታል። የእህቴ ባል ሲሞት ግን እሷና ልጇ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ጓዜን ጠቅልዬ እነሱ ቤት ስገባ፣ ሰውዬው ከእኔ ቀድሞ እዚያ ነበር። በሩን ስከፍት ሽታው ይቀበለኛል፤ የአሲድና የጋለ ብረት ሽታ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። በሩን ስዘጋ ደግሞ ከጀርባው ቆሞ አየዋለሁ፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጆቹ ወደ ታች የተንጠለጠሉ። በየቀኑ እደነግጣለሁ፣ በየቀኑም እሳደባለሁ። የሥራ ጋዋኑ ነው።

ሰውዬው ይሠራ የነበረው አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚሰበርበት ግቢ ውስጥ ነው። ባትሪውን በመጥረቢያ ይፈልጡታል፣ አሲዱን ይደፉታል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ በትልቅ በርሜል ያቀልጡና ለአዲስ ባትሪ እንዲሆን መልሰው ያፈሱታል። ወደ ቤት የሚመጣው ያንኑ ሰማያዊ ጋዋን እንደለበሰ ነበር። ልጁ ገና ኮቴውን ስትሰማ ትሮጣለች፤ እሱም ብድግ ሲያደርጋት ፊቷን ደረቱ ላይ ትቀብራለች። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። የዚያን ዕለት ሞቆት ነው መሰለኝ ጋዋኑን ግቢው ውስጥ ትቶት ነበርና ጓደኞቹ አጣጥፈው ለእህቴ አመጡላት።

ሌላውን ልብሱን ሁሉ ለሰው ሰጠች። ይኼን ግን በሩ ጀርባ ሰቀለችው። ላጥበው ብዬ ባወርደው ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ተይው፣ እታለም። ሽታው ይሄድብኛል።»

«ይሂዳ! ሽቶ መሰለሽ እንዴ?»

«አንቺ ባል አግብተሽ አታውቂ። ምን ይገባሻል!»

ምላሴ ስል መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን ግን መልሳ ስትሰቅለው ቆሜ አየሁ።

ልጅቷን የምንጠራት ድምቡሼ ብለን ነበር። ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ ጉንጯ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ፣ ወሬዋ የማያልቅ፣ እኔን የምታሸንፍ ልጅ። አባቷ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አላት። እናቷ ያልሞከረችው ነገር የለም። በመጨረሻ ጋዋኑን አውርዳ አለበሰቻት። ልጅቷ ኮሌታውን አፏ ውስጥ ከትታ እየጠባች ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ያለ እሱ መተኛት የሚባል ነገር ቀረ። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጅጌው ልጅቷ ላይ ተሻግሮ ስታይ፣ «አየሽ፣ አቅፏት ተኛ» ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ሆዴ ይባባ ነበር።

«ምን ያደርግልሻል እሱ ጨርቅ?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን ድምቡሼን።

«አባዬ ይጣፍጣል» አለች።

እኔና እህቴ በሳቅ ፈረስን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

መጀመሪያ የተዋት ምግቡ ነው። ሆዴን፣ ሆዴን ትላለች፤ ሆዷም ይደርቃል። ፊቷ ገረጣ፤ ጉንጯ ጠፋ። ተጫዋቿ ልጅ ነገረኛ ሆነች፤ ስትነካ ትጮኻለች፣ ሳትነካም ትጮኻለች። ጤና ጣቢያ ወስደናት የወስፋት መድኃኒት ሰጡን። ከዚያ ወሬዋ መጉደል ጀመረ። ትናንት «ውኃ» ያለችው ልጅ ዛሬ በጣቷ ትጠቁማለች። ቃሎቿን አንድ በአንድ እየመጣ የሚወስድባት ሰው ያለ ይመስል ነበር።

አያቷ፣ ማለት የሟቹ እናት፣ ልትጠይቃት መጥታ ገና ከማየቷ እንባዋን አወረደችው።

«ልጄ ነው። ልጁ ናፍቃው እየጠራት ነው።»

«እማማ፣ እባክዎ!» አልኩ። «የታመመች ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም!»

እህቴን ዞር ብዬ አየኋት፤ ትደነግጣለች ብዬ። እህቴ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

«አይወስዳትም» አለች ቀስ ብላ። «ሊያያት ብቻ ነው የሚመጣው።»

እዚያች ላይ ፈራሁ። ሙቱን አይደለም የፈራሁት፣ እህቴን ነው።

በማግስቱ ምሳ ልበላ ከጸጉር ቤት ብቅ ስል ድምቡሼ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ታወራለች። የምታወራው ለጋዋኑ ነው። ወሬው ቃል የለውም፤ ዜማው ብቻ ነው የቀረው፣ የጥያቄ ዜማ፣ የልመና ዜማ። ዝም ትልና መልስ ትጠብቃለች። እንደገና ትቀጥላለች። ስሟን ስጠራት አልዞረችም። ወዲያው ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፤ እጅና እግሯ መንዘፍዘፍ ጀመረ።

እንዴት ሆስፒታል እንደደረስን አላስታውስም። የተቀበለችን ሐኪም ገና ወጣት ናት፤ ልጅቷን አረጋግታ እያገላበጠች ታያታለች፣ ትጠይቃለችም።

«አባቷ ምንድን ነው ሥራው?»

«አባቷ ሞቷል» አለች እህቴ።

«ነፍስ ይማር» ብላ ሐኪሟ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ የሞተ ሰው ሥራ ማን ይጠይቃል ብዬ። ወባ አሉ፣ የለም። ማጅራት ገትር አሉ፣ የለም። ራጅ ተነስታ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዛ ብዙ ቆየች። የአጥንቶቿ ጫፍ ላይ ነጫጭ መስመር ነበር፤ በኖራ የተሰመረ የሚመስል።

«ከመሞቱ በፊትስ ምን ይሠራ ነበር?»

ነገርናት። ደም አስቀዳች። የልጅቷ ደም ውጤት ሲመጣ፣ ከሞተ ዓመት ያለፈው ሰው እየመረዛት መሆኑ ታወቀ።

ሐኪሟ በአማርኛ ነው ያስረዳችን፤ በሐኪምኛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እርሳስ ነው። ከባትሪው የሚነሳ አቧራ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ ከልብስ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ሕፃን ልጅ ደግሞ ከትልቅ ሰው የበለጠ ይመጥጠዋል። ደምን ያሳጣል፣ ሆድን ያሥራል፣ ሲብስ አንጎል ይገባል። መርዙን ከደም ይዞ በሽንት የሚያወጣ መርፌ አለ፤ በኋላም የሚዋጥ እንክብል ይቀጥላል።

«ግን መድኃኒቱ ማስወጣት እንጂ ማስቀረት አይችልም» አለች። «መግባቱ ካልቆመ ሥራችን ውኃ ወቀጣ ነው። አቧራው ያለበት ነገር ሁሉ ከቤት ይውጣ። ወለሉን በደረቁ እንዳትጠርጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።»

«ከዚያ ይወጣላታል?» አለች እህቴ።

«ከደሟ ይወጣል። አጥንቷ ውስጥ የገባው ግን ለዓመታት ይቆያል፤ ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ነው ደጋግመን የምንመረምራት።»

«ስለዚህ ለዓመታት እሷ ውስጥ አለ» አለች እህቴ።

ሐኪሟ አዎ አለቻት። እህቴ የጠየቀችው ስለ መርዙ እንዳልነበረ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ድምቡሼ መርፌውን ጨርሳ ስትወጣ ፊቷ ትንሽ ደም ነገር ዞሮበት ነበር። «ውኃ» አለች፤ አለቀስኩ። ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ጠረግነው። በሩ ጀርባ ባዶ ሚስማር ብቻ ቀረ። «ጣልኩት» አለችኝ እህቴ፤ አመንኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሳልደነግጥ ዘጋሁ።

ለክትትል ስንመለስ ግን እርሳሱ እንደገና ወደ ላይ ወጥቷል። ሐኪሟ ተቆጣች። «እቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ» አለች። እህቴ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ወለሉን፣ ውኃውን፣ ድስቱን ሁሉ ጠረጠርኩ። ቤት ገብተን የልጅቷን ጸጉር ላበጥር ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። የሰው ጸጉር ማሽተት እንጀራዬ ነው፤ ሳልፈልግም አሸታለሁ። ከአናቷ ላይ ሰውዬው ሸተተኝ። የአሲድና የጋለ ብረት ሽታ፣ ትኩስ፣ ዛሬ ሌሊት አቅፏት የተኛ ያህል።

ልጅቷን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ፍራሹን ገለበጥኩት። ጋዋኑ በፌስታል ተጠቅልሎ እዚያ ነበር።

«ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?» አለች እህቴ። «አልቅሳ፣ አልቅሳ ልትሞትብኝ ነው። እስክትተኛ ብቻ ነው የምሰጣት። ትንሽ ብቻ።»

«እየገደላት እኮ ነው!»

«አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ እታለም። ሁለተኛ ልቅበረው?»

ጥፊ ላቀምሳት እጄን አንስቼ ነበር። በዚያው ቅጽበት ድምቡሼ ወለሉ ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረች።

ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ልጅቷ ስትነቃ ሐኪሟ አጠገቧ ጎንበስ አለች። «ድምቡሼ፣ እማዬ የታለች? እስቲ አሳዪኝ።» እህቴ ከፊቷ ቆማለች፤ እጇን ይዛታለች። ልጅቷ እናቷን አየቻት። ብዙ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን አሻግራ ወደ ክፍሉ በር ተመለከተች፤ ሌላ ሰው እንደሚገባ ሁሉ እሱን ትጠብቅ ጀመር።

እህቴ አልጮኸችም። «ላስወግደው» ብቻ አለች። ሐኪሟ እንዳታቃጥሉት አለች፣ ጭሱም መርዝ ነው፤ እቤትም አይታጠብ። ታስሮ ወደ መጣበት የባትሪ ግቢ ይመለስ። አያቷን ልጅቷ ዘንድ ትተን ወጣን።

የባትሪው ግቢ በር ላይ ስንደርስ የሥራ መውጫ ሰዓት ነበር። እህቴ ጥቅሉን ታቅፋ መንገዱ ዳር ቆመች። በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ወጣ፤ ሰማያዊ ጋዋን፣ ሰፊ ትከሻ። ከኋላው ሌላ ሰው፣ ያው ጋዋን። ከዚያ ሌሎቹ። ሽታው ከፊታቸው መጣ። እህቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። ከሞተበት ቀን ጀምሮ ይመጣል ስትለው የኖረችው ሰው በዚያች በር እየደጋገመ ወጣ። እኔ በሙት መንፈስ የማላምነው ሴትዮ አማተብኩ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን ጥላ ሮጠች። ከሰዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ብድግ አደረጋት፤ ልጅቷም ፊቷን ደረቱ ላይ ቀበረች።

እህቴ ጥቅሉን ጥላ ወደ እነሱ ሄደች። ሰውዬው ሳያስበው ልጁን ከእቅፉ መንጭቃ ወሰደችበት። ልጅቷ ጮኸች፣ ሰዎቹ ተሰበሰቡ፣ እናትየዋ እየተራገመች መጣች።

«አብደሻል እንዴ ሴትዮ! ልጄን ስጪኝ!»

እህቴ ልጅቷን አጥብቃ እንደያዘች እናትየዋን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ሆዴን፣ ሆዴን ትላለች አይደል?» አለቻት።

የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አለች።