በአባቴ ስም የፈረምኩት

አባቴን የገደለው ጋዝ አይሸትም። ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ሥልጠናውን ወስጄ ፈተናውን በአንደኝነት ያለፍኩት እኔ ነኝ። አባቴ ግን አልሠለጠነም። ወረቀቱ ላይ ሠልጥኗል ይላል፣ ፊርማም አለበት፤ ፊርማው ግን የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። ሰው ሲያጠፋ ነገሩን አድበስብሶ መጀመር ይወዳል፤ እኔ ግን ከዚህ ልጀምር።

ሥራችን ሙቀት ማከፋፈል ነው። ከገበያ ማዕከሉ ማቀዝቀዣ ክፍሎች የሚወጣውን ሙቀት በማሽን እንሰበስብና ውሃ እናሞቅበታለን፤ የሞቀውን ውሃ ደግሞ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ለሆስፒታሉ፣ ለትምህርት ቤቱና ለአርባ ያህል ሕንፃዎች እንልካለን። ጎረቤት ምን እንደምንሠራ ሲጠይቀው አባቴ ቀልዱን ያውቅበታል፤ «በብርድ ከሚንቀጠቀጠው ላይ ብርድ ልብሱን ገፎ፣ ለሞቀው የሚደርብ ማሽን ነው» ይላል። ሰው ይስቃል እንጂ ነገሩስ ልክ ነው፤ የሙቀት ፓምፕን ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ መምህር የለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለው በአሞኒያ የሚሠራውን አሮጌውን ማሽን ነበር። አሞኒያ ክፉ ጋዝ ነው፣ ግን ክፋቱን አይደብቅም። ጥቂት እንኳ ካመለጠ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይይዛል፤ ሰው ሳይጎዳ ገና ሽታው ቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ የድሮ ሠራተኞች አንድ ልማድ አላቸው። የማሽን ክፍሉን በር ጋት ያህል ከፈት ያደርጉና አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸታሉ። ካልሸተተ ይገባሉ፤ ከሸተተ ጭንብል ያጠልቃሉ።

አባቴ በዚህ የሚደርስበት አልነበረም። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች ሦስት ቀን ሙሉ የሚያፈስ ቦታ ፈልገው አጡ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ አሸተተና «ከኋላ ያለው ሁለተኛው ቫልቭ ነው» አለ። ሲፈቱት እውነትም እሱ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው ውስጥ ስሙን የሚጠራው ጠፋ፤ «ጋሼ አፍንጫ» ሆኖ ቀረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጋዝ ጠቋሚ በአቧራውም በእርጥበቱም ስለሚጮህ አባቴ ንቆታል። ሲጮህ በሩ ላይ ያሸትና «መሣሪያው አፍንጫውን ይላስ» ብሎ ሄዶ ያጠፋዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተም።

የጣቢያው ኃላፊ የሆንኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አባቴ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ጠዋት አብረን ስንወጣ የመኪናውን በር ከፍቶ «ይግቡ አለቃዬ፤ ማታ ግን ዕቃ የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሥራ ቦታ ላይ ልቆጣው ይቅርና ቀና ብዬ ላዝዘው አልችልም ነበር። አንድ ነገር እንዲሠራ ስፈልግ ለሌላ ሠራተኛ እሱ እየሰማ እናገራለሁ፤ እሱም ገብቶት ይሠራዋል። እንዲህ እየተሸፋፈንን ተግባብተን ኖርን፤ የተግባባን መስሎኝ ማለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ከትልቁ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት አዲስ ማሽን ተተከለ። የሚሠራው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሳንባችን የሚወጣው፣ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚፈላው ያው ጋዝ። አይነድም፣ የሰው ሠራሾቹን ጋዞች ያህልም ዓለምን አያግልም። ግን ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከተጠራቀመ ደግሞ ሰው ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። ለዚህም ነው ሁለት ቀን ያልሠለጠነና ደረቱ ላይ ትንሿን ጠቋሚ ያላንጠለጠለ ሰው እንዳይገባ የተከለከለው። አባቴ ይህን ሲሰማ «እንዲህ ያስፈራችሁ የለስላሳ አየር ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አሠልጣኙ ጢሙ ገና የበቀለ ልጅ ነበር። የሥልጠናውን ጽሑፍ አስቀድሞ ሰጥቶኝ ሳነብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አፍንጫችሁን አትመኑ፤ አይጠቅማችሁም»። አባቴ በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የልጅ ልጁ ሊሆን ከሚችል ሰው አፍ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ አፍንጫህ አይረባም ሲባል ታየኝ። እምቢ ቢልስ? ተነሥቶ ቢወጣስ? እኔ ራሴ ሂድ ብለው ፊት የነሳሁት አይመስለውም? ስንት ነገር አወጣሁ አወረድኩ። በመጨረሻ የስም ዝርዝሩ ለማጽደቅ እኔ ጋ ሲመጣ፣ ከስሙ ትይዩ «ቀድሞ ሠልጥኗል» ከሚለው ሥር ዓይኔን ጨፍኜ በእሱ ስም ፈረምኩለት።

ቤት ውስጥ ቀስ ብዬ አስረዳዋለሁ ብዬ ነበር። ምሳ በልተን፣ ደስ ሲለው፣ እንደ ጨዋታ አድርጌ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ወር አለፈ። ደረት ላይ የምትንጠለጠለውን ጠቋሚ ስሰጠው ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታት። አየሁ፤ ዝም አልኩ። አክባሪ ልጅ ነኝ መቼም።

የሞተው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። አብሮት የነበረው ቧንቧ በያጅ የሆነው ወጣት ሠራተኛችን ነበር፤ የሆነውን የነገረኝም እሱ ነው። የምድር ቤቱ በር ላይ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አባቴ እንደ ልማዱ በሩን ጋት ያህል ከፈተና አሸተተ። ምንም የለም። «ይቺም እንደ ድሮዋ መዋሸት ጀመረች» ብሎ መብራቷን ለማጥፋት ወደ ታች ወረደ። በያጁ «ጋሼ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ጭንብል ላላቸው ሰዎች ይደወልላቸው» ሲለው «አንተ ደውል፣ እኔ እስከዚያ ጨርሼ እወጣለሁ» አለው። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። በያጁ የተቀመጠው ሊያርፍ መስሎት ነበር። ከዚያ በጎኑ ዘንበል አለ።

በያጁ አልወረደም። ሥልጠናው ላይ «ሊያወጣው የገባ ሁለተኛው ሰው አብሮት ይሞታል» ተብሎ ስለተማረ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ማራገቢያውን በእጅ አስነሥቶ፣ ጭንብል ያላቸውን ሰዎች ጠራ። ትክክል ነው ያደረገው። እነሱ ሲደርሱ ግን ረፍዶ ነበር። ቀብር ላይ ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩበት አየሁ። መጥቶ እጄን ይዞ «እህቴ፣ አልገባሁም፤ አትግቡ ስለተባልኩ አልገባሁም» እያለ አለቀሰ። ልጁ የተማረውን አደረገ፤ አባቴም የተማረውን አደረገ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን ግን ያን ቀን ለበያጁ አልነገርኩትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መርማሪው ቢሮዬ መጣ። ረጋ ያለ፣ ሰው ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ወረቀቶቹን ዘረጋና «አባትዎ ሠልጥነዋል፤ ጠቋሚም ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱንም ችላ ብለው ነው የገቡት። ሪፖርቱ የሟች ቸልተኝነት ብሎ ይዘጋል። ለእርስዎ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል» አለኝ።

ቸልተኝነት። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሳያሸት ያልገባ ሰው! ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሥራዬም ይተርፋል፣ ፈቃዴም ይተርፋል። የአባቴ ስም ግን በያንዳንዱ ጣቢያ ለሠልጣኝ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ይነበባል፤ እንዲህ አትሁኑ ተብሎ።

«ፊርማው የእሱ አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ የፈረምኩት። አልሠለጠነም። አይሸትም ብሎ የነገረው ሰው የለም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«አባቴ ነዋ» አልኩት። እሱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጣቢያው እንዳልገባ አስፈርሞኝ ቁልፌን ተቀበለኝ። ሥራዬን ማጣቴ ቅንጣት አልከበደኝም። የከበደኝ እናቴ ነበረች። ሪፖርቱ ተለጥፎ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ አፍ ትስማው ብዬ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠበች ነበር። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ በእንፋሎቱ መስኮቱን አደብዝዞታል፤ እኛው ያሞቅነው ውሃ ነው። ከቀብሩ ወዲህ እናቴ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም፣ አንድ ጥያቄም አልጠየቀችኝም። ጀርባዋን እያየሁ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፊርማውን፣ የሥልጠናውን ጽሑፍ፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረችውን ጠቋሚ። «ከልጆች መሃል ተቀምጦ እንዳይዋረድ ብዬ ነው እማዬ። እምቢ ይላል ብዬ ፈራሁ» አልኳት።

ውሃውን ዘጋች። ዞር ግን አላለችም።

«ሄዶ ነበርኮ» አለች።

«የት?»

«ሥልጠናው ጋ ነዋ። ያን ቀን አንቺ በማለዳ ቀድመሽ ወጥተሽ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሰማያዊ ሸሚዙን አስተኩሶኝ። ደብተር ሁሉ ገዝቶ። ‹ጆሮዬ ስለደከመ ፊት ወንበር ነው የምይዘው፤ ስለ ለስላሳው አየር እንግዲህ ያስተምሩን› እያለ ሲቀልድ ነበር ጠዋቱን ሙሉ። ወዲያው ተመለሰ። በር ላይ ስም የምትይዘው ሴትዮ ‹የእርስዎ ተፈርሟል፤ ይሂዱ፣ ይረፉ› ብላ መለሰችው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ሆድ ባሰው። ‹ልጄ ተስፋ ቆርጣብኛለች፤ ሽማግሌ ምን ሊገባው ብላ ነው› አለኝ። እንዳልጠይቅሽም አስማለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አዲሱ ማሽን እቤት አንስቶ አያውቅም። አንቺ እስክታነሺው ይጠብቅሽ ነበር መሰለኝ።»

ሦስት ወር። እኔ እሱ ደስ የሚለውን ቀን ስጠብቅ፣ እሱ እኔን ሲጠብቅ። ማልቀስ አልቻልኩም፤ እንባ እንኳ ለሚገባው ሰው ነው የሚመጣው መሰለኝ። በመጨረሻ፣ መልሱን እያወቅኩት፣ እንደ ሕፃን ጠየቅኳት።

«ሂድና ተማር ብለው እሺ ይለኝ ነበር?»

እናቴ እጇን በሽርጧ አደረቀችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ ያልሺውን» አለች፣ «መቼ እምቢ ብሎሽ ያውቃል?»