የሚስተር ሌስ ለቅሶ

ለቅሶ ሰምቼ ቁጭ ማለት አልችልም። ባሌ ባህሩዲን «ሻሂዳ እኮ ከሬሳው ቀድማ ነው የምትደርሰው» እያለ ያማኛል። ይማኝ።

አንድ ቅዳሜ ልጄ መርዋ ከጎረቤት እያለቀሰች ተመለሰች። ማክሰኞ ትምህርት ቤት ስለ ጦርነት የምታቀርበው ሥራ ነበራት። ፊት ለፊታችን የሚኖረው ሚስተር ሌስ ደግሞ ድሮ የአውስትራሊያ ወታደር የነበረ ሽማግሌ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ያመጣችው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። እሱ ካላወራት ልጄ ባዶ እጇን ልትቆም ነው።

«ማሚ፣ ኖ አለኝ! ጓደኛዬ ሞቷል፣ ማውራት አልችልም ብሎ በሩን ዘጋው።»

«ጓደኛው ሞተ? ውይ በሞትኩት! ብቻውን?»

ሌላውን አልሰማሁም፤ ስልኬን አነሳሁ።

ጓደኛዬ የትምወርቅ ከብሩክሊን ሴንተር ንፍሮ በድስት ይዛ ከች አለች። የባሌ ጓደኛ አክረምና ሚስቱ ከኩን ራፒድስ ድራይቭ አድርገው መጡ። ሚስተር ሌስ በፒጃማ እንደሆነ በሩን ሲከፍት መርዋን አስከትለን ግር ብለን ገባንበት። ባህሩዲን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ተንሰቀሰቀ። እኔ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ»፣ የትምወርቅ «ጌታ ያጽናናዎት» እያልን ምንጣፉ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ለቅሶ ቤት ገብቶ መቼ፣ በምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ማንም አልጠየቀም።

ሚስተር ሌስ ንፍሮውን እየቆረጠመ ወደ መርዋ ዞረ። «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

«ጓደኛህ ስለሞተ ሊያጽናኑህ ነው።»

«ቦብ? ቦብ እኮ የሞተው በፈረንጆች 1942 ነው! ኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ!»

መርዋ ስትተረጉምልን የትምወርቅ ሳቋን በነጠላዋ ልታፍን ሞክራ አቃታት። አክረም ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ባህሩዲን እንባው ሳይደርቅ ከት ከት አለ፤ ሚስተር ሌስም እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን አፍሬ ነበርና ተናደድኩ።

«ቆይ፣ ያኔ ማን ለቅሶ ደረሰዎት?»

መርዋ ጠየቀችው። ሳቁን አቆመ።

«ማንም» አለ። ከዚያ ማንም ሳይለምነው ማውራት ጀመረ። ጃፓኖች በተራራው መንገድ እየገፉ ነበር፤ ከነሌስ ጀርባ ያለው ባሕሩና የገዛ አገራቸው ነው። ሁሉም ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ነበሩ፤ ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ አልቅቱ ደም ይመጥጣል። ቦብን በምግብ ሳህናቸው ቆፍረው ቀበሩትና ዝናቡ ሳያባራ ወደሚቀጥለው ኮረብታ አፈገፈጉ። አገሩ ሲገባ ሰው ሁሉ በደስታ ይጨፍር ስለነበር ለማንም አልተናገረም። መርዋ እየጻፈች እጇ ዛለ።

«እንግዲያው አልተለቀሰለትም» አልኩ። «ለቅሶ ደግሞ ሦስት ቀን ነው። ነገም እንመጣለን፣ ሰኞም።»

ሚስተር ሌስ ሁላችንንም በየተራ አየን።

«ጃክም አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ፐርሲም አለ። ከዚያ ደግሞ መንታዎቹ...»

ባህሩዲን ተነስቶ ለአለቃው ደወለና ሳምንቱን ሙሉ ኦፍ ጠየቀ።