አንድ ብቻ ነው የሚታየኝ

ልጆቼ፣ ሰው ሲፈራ ሞኝ ይሆናል። እኔም ሆኜ አውቃለሁ፤ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ።

ፎቶ ሳነሳ ነው ያረጀሁት። ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የማንሳት አመል ያዘኝ። ካሜራዬን በእንጨት ሀዲድ ላይ አስቀምጬ አንዴ አነሳለሁ፤ ወደ ቀኝ ገፋ አደርገውና እደግመዋለሁ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ባለ ሁለት መስታወት መመልከቻ ሣጥን ውስጥ ስከታቸው፣ የግራ ዓይን የግራውን፣ የቀኝ ዓይን የቀኙን ያይና አንድ ይሆናሉ። ያኔ ሰውየው ከወረቀቱ ብድግ ይላል፤ አፍንጫውን ልትይዙት ያምራችኋል።

አንድ ቀን ባለቤቴን ሁለት ሜትር ያህል ርቄ አስቀመጥኳትና "እንዳትነቃነቂ" አልኳት።

"መተንፈስስ ይፈቀዳል?" አለች።

ፊልሙን አጠብኩ፣ ፎቶዎቹን አውጥቼ አደረቅኩ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ አየሁ። ሁለት ሴት። አንዷ ካንዷ ትከሻ ላይ ተደርባ፣ አልገጥም ብላ ቀረች። ዓይኔን አሻሽቼ ደገምኩት። አሁንም ሁለት።

ላብ አጠመቀኝ። አባቴ በኔ ዕድሜ ነበር ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ይታየው የጀመረው፤ ዓመት ሳይሞላው በእጅ የሚመራ ሰው ሆነ።

ባለቤቴ ሻይ ይዛ መጣች። ስትቀዳ ግማሹ ከብርጭቆው ውጪ ፈሰሰ። "እጄም አረጀ መሰለኝ" ብላ በጨርቅ ጠረገችው።

"እስቲ እይው" አልኳት። "ለኔ ሁለት ሆነሽ ነው የምትታዪኝ።"

"ሁለተኛ ሚስት አማረኝ አትልም?" ሣጥኑን ዓይኗ ላይ አስጠጋች። "አንድ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጥርት ያለ ነው፤ አስረጅተኸኛል እንጂ።"

ለሷ አንድ ከሆነ ጥፋቱ የፎቶው አይደለም፣ የዓይኔ ነው።

አልነገርኳትም። ሁለት ቀን እህል አልዋጥልህ አለኝ። ደረጃ ስወርድ በእግሬ እየዳበስኩ ሆነ። ሐኪም ቤት ድረስ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ፤ ሲነገረኝ መስማት ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ምናለ ጥፋቱ ከዕቃው ቢሆን እያልኩ ሁሉንም ፈታሁት። የሣጥኑን መስታወት ወለወልኩ። ግራና ቀኙን አቀያይሬያቸው ይሆን ብዬ አየሁ፤ አልተቀያየሩም። በመጨረሻ ሀዲዱን አነሳሁ።

ሀዲዱ ላይ ካሜራው ሲገፋ የሚያቆመው ችንካር አለ፤ የሚሰካውም ከሁለት ቀዳዳ በአንዱ ነው። ቅርቡ ሰው ለማንሳት ነው፤ ሦስት ጣት ተኩል፣ በሁለት ዓይናችን መካከል እንዳለው ማለት ነው። ሩቁ አንድ ስንዝር ነው፤ እሱ ተራራ ለማንሳት ነው፣ ተራራ ከሩቅ በጠባቡ ሲነሳ ጠፍጣፋ ይሆናላ። ችንካሩ የተራራው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቷል። ለካ እሁድ ተራራ አንስቼ ሳልመልሰው ቀርቻለሁ! አጠገቤ የተቀመጠችን ሴት በአንድ ስንዝር ስፋት አንስቻት ኖሯል። ያንን የማንም ዓይን አንድ አያደርገውም።

ችንካሩን መለስኩና እንደገና አነሳኋት። ፎቶው እስኪደርቅ ድረስ ልቤ ጆሮዬ ላይ ይመታ ነበር። ከትቼ አየሁ። ባለቤቴ ከወረቀቱ ብድግ አለች፤ አገጯ ወደ ፊት፣ ወንበሩ ከኋላዋ። ብቻዬን እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

ሳቄ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ።

ያኛውን ፎቶ የማንም ሁለት ዓይን አንድ ካላደረገው፣ እሷ እንዴት አንድ ብቻ አየች? የፈሰሰው ሻይ ትዝ አለኝ።

"ነይ እስቲ" አልኳት።

እጇን በጨርቅ እያደረቀች መጣች። ፀሐዩ ፊት ለፊቷ እንዲሆን መስኮቱ አጠገብ አቆምኳት። ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩና በሌላው እጄ ሦስት ጣት አቆምኩ።

"ስንት ነው?"

ሳቀች።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱንም ሸፍነህ ምኑን ልቁጠርልህ?"

መዳፌን ማንሳት አቃተኝ። ካነሳሁት ፊቴን ታየዋለች።

"ነጠላ ጫማውን አውልቂና ጫማሽን አድርጊ" አልኳት። "ሐኪም ጋ እንሄዳለን።"

"ለዓይንህ ነው?"

"አዎ፣ ለዓይኔ" አልኩና በግራዋ በኩል ሆኜ ክንዷን ያዝኩ።