ቀጀላ ጎሽ ሊገድል ሲዘጋጅ

ስሙኝማ ወዳጆቼ፣ አረፍ በሉና ይቺን ልንገራችሁ። ሐሜት ነው ካላችሁ ሐሜት ነው። ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው እየሳቁ የሚያወሩት ስለሆነ ኃጢአቱ ትንሽ ይቀልልኛል ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል።

ወለተማርያምና ባሏ ቀጀላ የቦሌ ለሚ ገበሬዎች ነበሩ። ነበሩ ነው የምላችሁ፤ ያ ዘመን አገር የሚያድግበት ዘመን ነውና መሬታቸው ላይ ፋብሪካ በቀለ። ጤፍ ይታጨድበት የነበረው ቦታ አሁን ሱሪ ይሰፋበታል። እነሱም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ከዚያ ሁሉ ዕድገት ለቀጀላ የደረሰው በረንዳ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው፣ ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚኒባስ ወረፋ ሲያይ ይውላል። ወለተማርያም ምሳ አቅርባ ስትጠራው፣ «ቆይ፣ ያ ሰውዬ ይሳፈር» ይላታል። የማያውቀውን ሰውዬ!

ነገሩ የተጀመረው ለልጃቸው ለሜቲ ሽማግሌ የመጣ ዕለት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሚያገባት ልጅ አያት አባባ በዳሳ ነበሩ። የወለጋ ሰው ናቸው፤ በጎረምሳነታቸው ጎሽ ገድለዋል እየተባለ በአገሩ ሁሉ የሚወራላቸው። ልጅቱ ተፈቀደች፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ፣ ጠጁ ዞረ። አባባ በዳሳ ፎክሩ ፎክሩ ሲባሉ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ያን ጎሽ እንደገና ገደሉት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? ቀጀላ ደግሞ ጋቢውን ወደ ኋላ ጣለና ተነሣ።

«ዘራፍ! በልጄ ሠርግ፣ ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ፣ በእጄ የገደልኩትን የጎሽ ቀንድ ካልሰቀልኩ ቀጀላ አይደለሁም!»

እልል የተባለው ከአማቾቹ በኩል ነው። ወለተማርያም የጠጁን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ይሄ ሰውዬ ጎሽ ያየው በቴሌቪዥን ነው። ቦሌ ለሚ እያለም ከሰብሉ ያባረረው ትልቁ አውሬ ጃርት ነው፤ ጃርቱም በማግስቱ ተመልሶ መጥቷል።

ሲነጋ ይረሳዋል ብላ ነበር። ሲነጋ እሱ ቀድሞ ተነሥቷል።

«ወለቴ፣ ቃል ቃል ነው» አላት። «በአማቾቼ ፊት ተናግሬአለሁ። ሳልፈጽም ብቀር ሜቲ በምን ዓይኗ እነሱ ቤት ትገባለች?»

«በሁለቱ ዓይኗ» አለች ወለተማርያም። «ባንክ የምትሠራ ልጅ ነች፣ ጎሹ ምን ይጨምርላታል?»

ሰማት እንዴ! በሳምንቱ ሳሎኗ የጦር ሰፈር ሆነ። አንደኛው ዘማች ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታቸው ረታ ነው፤ «ከፈረንጅ አዳኞች ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት ጫካ ውዬ አድሬአለሁ» የሚል። ሁለተኛው ሉቃስ ነው፤ የፊት ለፊቱ ብሎክ ኢንጂነር፣ ጴንጤ፣ ጨዋ ልጅ፣ ፒካፕ መኪና ያለው። አንድም ቀን ጠጅ አልቀመሰም፤ እንደው ሳይሰክር ነው እዚህ ነገር ውስጥ የገባው።

«ፈረንጅ የአደን ድርጅት ቀጥሮ፣ መሪ ይዞ፣ አብሳይ ይዞ ይሄዳል» አለ ረታ። «እኛ በገዛ አገራችን ምን ቆርጦን? በራሳችን!»

«በራሳችን!» አለ ቀጀላ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት «በራሳችን» የማይባልበት ቀን አልነበረም። ሉቃስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከሰማይ የተነሣ የደቡብ ጫካ ፎቶ አሳያቸው። አረንጓዴው መሃል ቀይ ነጥብ አደረገና፣ «ጎሾቹ ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚጠጡት እዚህ ጋ ነው» አለ።

ወለተማርያም አንገቷን አስግጋ አየች። «ጎሾቹስ ያውቃሉ፣ እዚያ መገኘት እንዳለባቸው?»

«እትዬ፣ ጂፒኤስ አለን» አላት ሉቃስ በትሕትና።

«እሱንም ጎሹ እንዳይበላው ያዙት እንግዲህ።»

ጉዞው ለኅዳር ሦስት ተቆረጠ። ጾሙ ዐሥራ አምስት ይገባልና ከዚያ በፊት ገድሎ መመለስ ነው። ድንኳን ተዋሱ። የፈቃዱን ወረቀት ሉቃስ እጨርሳለሁ አለ። ስንቅ የወለተማርያም ሆነ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ። ጎሹን የሚገድሉት እነሱ፣ የምትቆላው እሷ። የቀጀላ አባት ምንሽር ጠመንጃ ከሳጥን ወጥቶ ተወለወለ፤ ምንሽሩ ከቀጀላ በዕድሜ ይበልጣል፣ ግን ጉልበቱን አያመውም።

ጉልበት ስል ትዝ አለኝ። ረታ፣ «ዳገት መልመድ አለብህ፣ ሸክም ይዘህ» ብሎ አዘዘ። የካ አባዶ ዳገቱ ደረጃ ነው፣ ሸክሙም አይጠፋም፤ ውኃ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው፣ እሷም አራተኛ ፎቅ አትወጣም። ስለዚህ ቀጀላ ጠዋት ጠዋት ባለሃያ ሊትር ጀሪካን በግራና በቀኝ ይዞ ታች ከሚቆመው የውኃ ቦቴ እስከ ቤቱ መመላለስ ጀመረ። ስንት ዓመት፣ «የሜቲ አባት፣ እባክህ አንዷን እንኳ አውጣልኝ» እያለች የለመነችው ሰው! ወለተማርያም ባዶ ጀሪካን እያቀበለች ትሸኘዋለች። እንዲያውም አንድ ቀን አራቱን ካወጣ በኋላ፣ «ጎሽ ግን በጣም ይሮጣል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው። ሁለት ጨመረ።

ዒላማ መለማመዱ ግን ጣጣ አመጣ። ጥይት ሳያጎርስ በረንዳ ላይ ተንበርክኮ የፊት ለፊቱ ጣሪያ የውኃ ሮቶ ላይ ያነጣጥራል። ከሮቶው ሥር ደግሞ ሙሉ የምትባል ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች። ሴትዮዋ ቀና ብትል የጠመንጃ አፍ።

«ኡኡ! ሰፈርተኛ፣ ተገደልኩ!»

ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ቀጀላም በብሎኩ ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀ። «እስቲ አሁን እኔን ከጎሽ ጋር ያመሳሰለኝ ምኔ ነው?» ስትል ሙሉ ዛሬም አልተዋጠላትም።

ወለተማርያም እስከዚህ ድረስ በሆዷ እየሳቀች ነበር። ሳቋን ያቆመው ረታ ነው። አንድ ከሰዓት ጭኮዋን እየጎረሰ፣ «ጎሽ ማለት እኮ ስትስተው አይደለም የሚያስፈራው» አለ። «ስታቆስለው ነው። ዞሮ በመጣህበት መንገድ ዳር ያደፍጥልሃል። አንድ ሰውዬ አውቃለሁ፣ የተመለሰው ባርኔጣው ብቻ ነው።»

ቀጀላ ሳቀ። ሲስቅ ግን ብርጭቆውን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ውኃውን ደፋው። ወለተማርያም ያን አየች። ስልሳ ሊሞላው ነው፤ ጉልበቱ ሲቀዘቅዝ ይቆለፋል፣ ከመነጽሩ ውጪ ሙሉንና ሮቶን አይለይም። ከቀረ አማቾቹ ይስቁበታል፤ ከሄደ ደግሞ ሠርጉ ልቅሶ ይሆናል። እሷ በበኩሏ መሳቂያውን ባሏን መረጠች።

በማግስቱ የወሩ ሚካኤል ነው። ሁለት ሚኒባስ ቀይራ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሳልበት ቦሌ ሚካኤል ሄደች፣ ግንቡን ተደግፋ ተንበረከከች።

«ሚካኤል ሆይ፣ አዋቂ ነህ አላስረዝምብህም። ይሄን ሰውዬ ከዚህ ጉዞ አስቀርልኝ። ካስቀረህልኝ በኅዳሩ በዓልህ ጃንጥላ አስገባለሁ፤ በሕዝብ ፊት፣ በአፌ ተናግሬ።»

ይቺን «በሕዝብ ፊት» የምትለዋን ማን እንዳስጨመራት እንጃ። ሰው ሲጨንቀው ቃል አይመጥንም። ባሏ በጠጅ እንዲሁ፣ እሷ በጭንቅ እንዲሁ።

ኅዳር ሦስት ደረሰ። ጠዋት ፒካፑ ተጫነ፤ ድንኳኑ፣ ስንቁ፣ ምንሽሩ። ሰፈሩ ሊሸኝ ወጣ፤ ሙሉ ሳትቀር ወጥታለች፣ ራቅ ብላ ግን። ቀጀላ መኪናው ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን እንዳነሣ፣ «እስቲ ወረቀቱን ልየው፣ መንገድ ላይ ሲጠይቁን እንድናውቅ» አለ። ሉቃስ አወጣለት። ቀጀላ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ሉቃስ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«የአደን ፈቃድ።»

«የምን አደን?»

ሉቃስ አንገቱን አከከ። «ጋሼ፣ የጎሹ ያለ ድርጅት አይሰጥም አሉኝ። በራሳችሁ ከሆነ ያለው ይሄ ነው አሉ። ከርከሮ ነው።»

ከዚያ ከሴቶቹ መሃል አንዷ ሳቋ አመለጣት።

«ከርከሮ!» አለ ቀጀላ። «በኦርቶዶክስ ልጅ ሠርግ ላይ የከርከሮ ጥርስ ልሰቅል ነው?»

«እኔማ ሥጋውን እበላው ነበር» አለ ሉቃስ። «ጴጥሮስ እኮ ተነሥተህ አርደህ ብላ ተብሏል።»

«እንግዲያው ጴጥሮስን ይዘህ ሂድ!»

ቀጀላ ወደ ረታ ዞረ። «አንተ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከአዳኝ ጋር የኖርክ ሰው፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ አታውቅም?»

«ፈቃዱን የሚያወጡት እነሱ ናቸው» አለ ረታ። «እኔ ድንኳን ነበር የምተክለው።»

ፒካፑ ሳይነሣ ዕቃው ወረደ። ቀጀላ ሐዘን እንደደረሰው ሰው አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ወጣ። ወለተማርያም ከኋላው ጭኮዋን ታቅፋ፣ በሆዷ እልል እያለች። ደግነቱ ቤት ሲገባ ለመንገድ የተሠራውን ፍርፍር አንድ ሳህን ጨርሶ ሌላ ጠየቀ። ያዘነ ሰው እንዲህ ይበላል? ገረማት፣ ግን ጨመረችለት።

አሁን ዕዳው የእሷ ሆነ። ሚካኤል የጠየቀችውን ፈጽሟል፣ ጃንጥላውም ተገዝቷል፤ ሰማያዊ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ግን ኅዳር ሚካኤል አማቾቹም ይመጣሉ። «ባሌን ጎሽ ከመግደል አስቀረልኝ» ብላ በድምፅ ማጉያ ስትናገር አባባ በዳሳ ሊሰሙ ነው። ባሏ ለአማቾቹ እስካሁን፣ «ጉዞው ትንሽ ተላልፏል» ብሎ ነው ያቆያቸው። ከበዓሉ በፊት ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ፈቃዱ ሄደች።

«አባ፣ ዝም ብዬ ባስገባውስ?»

«ስትሳይ ምን ብለሽ ነበር?»

«በሕዝብ ፊት።»

«እንግዲህ ሕዝቡ ይመጣልሻል» አሏት።

ደረሰ። የኅዳር ዐሥራ ሁለት ሰው ታውቁታላችሁ፤ መርፌ ብትጥሉ መሬት አትደርስም። ወለተማርያም ጃንጥላዋን ነጠላዋ ሥር አድርጋ የስለት ሰልፍ ያዘች። ውሸት ልትናገር አስባ ነበር፤ ከመንገድ አደጋ አዳነልኝ ልትል። ግን ሚካኤል ፊት? አልሆነላትም። እንዲያው አንገቷን አቅንታ ከፊቷ ስንት ሰው እንዳለ ስታይ፣ ሦስተኛው ላይ የምታውቀው ጀርባ አለ። የምታውቀው ጋቢ። ከጋቢው ሥር ሰማያዊ ጃንጥላ ብቅ ብሏል።

ተራው ቀጀላ ጋ ደረሰ። ማይኩን የያዙት መምሬ ፈቃዱ ናቸው።

«ሚካኤል ምን አደረገልህ?»

ቀጀላ በጆሯቸው ሹክ ሊላቸው ጠጋ አለ። ማይኩም አብሮ ጠጋ አለ።

«ከጎሽ አዳነኝ» የሚል ድምፅ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

«ከምን?»

«ከጎሽ፣ አባ። እገድላለሁ ብዬ በአማቾቼ ፊት ዝቼ ነበር። ሲነጋ ፈራሁ። ምክንያት ስጠኝ ብዬ ተሳልኩ፣ ሰጠኝ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወለተማርያም ግን አልሳቀችም። ሳምንታት ሙሉ እሷ አንዱ ክፍል እሱ ሌላው ክፍል ሆነው ለአንድ ነገር ሲለምኑ ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ጀሪካን መሃል ፈርቶ ነበር! ተራዋን አልጠበቀችም፣ ሰው ገፍታ ወጣች።

«አባ፣ የእኔም እሱው ነው» አለች ጃንጥላዋን ዘርግታ። «ይሄንን ሰውዬ አስቀርልኝ ብዬ ነው የተሳልኩት።»

ቀጀላ ዞሮ አያት። «አንቺም?»

«እኔም።»

እልልታው ሲበርድ፣ ከሰዉ መሃል አንድ ከዘራ ወደ ላይ ተነሣ። አባባ በዳሳ ናቸው። ቀጀላ እንዳጠፋ ተማሪ መሬት መሬት እያየ ሄደ፤ እሷም ተከተለች። ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«ያን ጎሽ ልንገድል ስንወጣ ሦስት ነበርን» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የተመለስነው ሁለት ነን። ፎክር ሲሉኝ እፎክራለሁ፤ ሦስተኛውን ግን አላነሣም። እናቱ እስክትሞት ድረስ በበራቸው አላልፍም ነበር።» በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እኔ ለሠርግ እንጂ ለልቅሶ ሽማግሌ አልተላክሁም። ቀንዱን እርሳው።»

ቀጀላ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሲነሣ ጉልበቱ ተቆለፈና ወለተማርያም ጎትታ አነሣችው።

ጥር ደርሶ ሠርጉ ሲሆን ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ የተሰቀለው ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ሉቃስ ነው ጥብጣብ አስሮ የሰቀለው፣ የከርከሮውን በደል ለመካስ። ሜቲ ልትቆጣ ነበር፣ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያን ጀሪካን ተሸክማዋለችና ሳቀች። አባባ በዳሳ ፎክሩ ሲባሉ ጎሻቸውን አላነሡም። ከዘራቸውን ወደ ቀጀላ ቀሰሩና፦

«ዘራፍ! ሃያ ሊትር ይዞ ፎቅ የሚደፍር፣
ጎሽ አልገደለም፣ አይደብቅም ነገር፣
ሚካኤል ፊት ቆሞ እውነት የሚናገር፣
ዘመዴ ቀጀላ፣ የየካ አባዶ ነብር!»

ቀጀላ አለቀሰ። ወለተማርያም ጆሮው ሥር ሆና፣ «ነብሩ፣ ነገ ውኃ የለም» አለችው።

ይኸው እስካሁን ያወጣል። እንግዲህ የካ አባዶ ብቅ ካላችሁና ደረጃ ላይ ሁለት ጀሪካን ይዞ የሚያለከልክ ሰውዬ ካገኛችሁ፣ እባካችሁ ስለ ጎሽ አትጠይቁት። አንዱን ጀሪካን ብቻ ተቀበሉት።